ከፋሽን መጽሔት ልብስ ለምትሰፉ፦ ከወረቀቱም ከስልኩም የተማርኩት

አክስቴ ሶቭየት ኅብረት ተምራ የተመለሰችው በ1982 ዓ.ም. ነው። ሻንጣዋ ሲከፈት ቤተሰቡ በሙሉ ዙሪያውን ቆሞ ነበር። ለእያንዳንዱ ሰው የሆነ ነገር ወጣ። የኔን ዓይን የያዙት ግን ለማንም ያልታሰቡት አራት መጽሔቶች ናቸው። ቡርዳ ይባላሉ። በሩስያኛ የታተሙ ናቸው። ያኔ አሥራ አንድ ዓመቴ ነበር፤ ከሩስያኛ አንድ ፊደል አላውቅም።

መጽሔቱ መሃል ላይ ተጣጥፎ የተቀመጠ ትልቅ ወረቀት አለ። ሲዘረጋ የምግብ ጠረጴዛችንን ሸፈነው። ቀይ፣ ጥቁር፣ ሰማያዊና አረንጓዴ መስመር እርስ በርሱ ተጠላልፎበታል። የከተማ ካርታ መሰለኝ።

«ካርታ አይደለም የኔ ልጅ፣ ቀሚስ ነው» አለችኝ አክስቴ። ጣቷን በአንዱ መስመር ላይ እየነዳች እጅጌውን አሳየችኝ። ከዚያ ወገቡን። ከዚያ ኮሌታውን።

ዛሬ ልብስ ሰፊ ነኝ። የራሴን ቤት ከከፈትኩ ሃያ ዓመት አልፎኛል። የሐበሻ ቀሚስም፣ የሥራ ልብስም፣ የሚዜ ልብስም እሰፋለሁ። ድሮ ደንበኛ ከመጽሔት የተቀደደ ገጽ ይዛ ትመጣ ነበር። አሁን ስልኳን ይዛ ትመጣለች። እኔም መጽሔት የማየው ግማሹን በወረቀት፣ ግማሹን በስክሪን ሆኗል። በሁለቱም በኩል ጨርቅም ገንዘብም አጥቻለሁ። ልብስ ስፌት ለጀመራችሁ፣ ቤታችሁም ለራሳችሁና ለልጆቻችሁ ለምትሰፉ፣ ያጣሁትን እንዳታጡ ብዬ ነው ይህን የምጽፈው።

ስለ ቡርዳ ትንሽ ልበል፣ ብዙ ሰው ስሙን እንጂ ታሪኩን አያውቀውም። መጽሔቱን የመሠረተችው ኤነ ቡርዳ የምትባል ጀርመናዊት ናት። ኦፈንቡርግ በምትባል ከተማ፣ እ.ኤ.አ. በ1950 መጀመሪያ ላይ የመጀመሪያውን እትም አወጣች። ከጦርነቱ በኋላ ነው። ሴቶች ጥሩ ልብስ መልበስ ይፈልጋሉ፣ ገንዘብ ግን የለም። ከሁለት ዓመት በኋላ የልብሱን ፓተርን፣ ማለትም የእያንዳንዱን የልብስ ክፍል ቅርጽ በልኩ የሚያሳየውን ንድፍ፣ ራሱን መጽሔቱ ውስጥ አጥፋ አስገባችው። ያየሽውን ቀሚስ ቤትሽ ሆነሽ ቁረጪው፣ ስፊው እንደማለት ነው። እ.ኤ.አ. በ1987 ደግሞ በጎርባቾቭ ዘመን በሩስያኛ መታተም ጀመረ። አክስቴ እጅ የገባው በዚያ ምክንያት ነው። እዚያ ከተማሩት ኢትዮጵያውያን ሻንጣ ውስጥ ገብቶ አዲስ አበባ የደረሰው የአክስቴ ብቻ እንዳልሆነም አውቃለሁ። ከደንበኞቼ ሁለቱ እናቶቻቸው ያስቀመጡትን አምጥተው አሳይተውኛል።

አሁን ወደ ሥራው ልግባ።

የፓተርኑን ወረቀት ያየ ሰው ሁሉ መጀመሪያ ይደነግጣል። አትደንግጡ፣ ሥርዓት አለው። የልብሱን ቁጥር ይዛችሁ ወደ መመሪያው ገጽ ትሄዳላችሁ። መመሪያው ሦስት ነገር ይነግራችኋል። ፓተርኑ የትኛው ወረቀት ላይ እንዳለ፣ መስመሩ ምን ቀለም እንደሆነ፣ የልብሱ ክፍሎች ከስንት እስከ ስንት ቁጥር እንደተሰጣቸው። ከዚያ የወረቀቱን ጠርዝ እዩ። ቁጥሮች ተደርድረዋል። የናንተን ቁጥር በተባለው ቀለም ፈልጉ። ጣታችሁን ከቁጥሩ ቀጥ አድርጋችሁ ወደ ውስጥ ንዱት። ያው ቁጥር ወረቀቱ ውስጥ ይጠብቃችኋል። እሱ ያለበት ቅርጽ ያ ክፍል ነው። ከዚህ በኋላ የሳይዛችሁን መስመር ብቻ ተከተሉ። እያንዳንዱ ሳይዝ የራሱ መስመር አለው። አንዱ ያልተቆረጠ፣ ሌላው ሰረዝ ሰረዝ፣ ሌላው ሰረዝና ነጥብ ነው። በመሃል ሌላ መስመር ሲያቋርጣችሁ እንዳትሳሳቱ፣ እየቆማችሁ ሂዱ። መንገድ ጠፍቷችሁ ሌላ ሳይዝ ላይ ከገባችሁ የምታውቁት ጨርቁ ከተቆረጠ በኋላ ነው።

ወረቀቱን ራሱን በመቀስ አትንኩት። አንዱን ልብስ ስትቆርጡ ሌላውን አሥር ልብስ ትገድላላችሁ። እኔ የምገለብጠው የጠረጴዛ ልብስ በሚሆነው ግልጽ ላስቲክ ላይ ነው። መርካቶ በሜትር ይሸጣል። ላስቲኩን ከላይ አነጥፋለሁ፣ አራቱን ጥግ ከባድ ነገር እጭንበታለሁ፣ በማይለቅ እስክሪብቶ እከተላለሁ። ላስቲክ ከወረቀት የሚሻለው ዓመታት ስለሚቆይ ነው። ጨርቁ ላይ ስታነጥፉትም ከሥሩ ያለው ጥለት ይታያችኋል። የጥለት ልብስ ለሚቆርጥ ሰው ይህ ትልቅ ነገር ነው።

የመጀመሪያ ቀሚሴን የቆረጥኩት አክስቴ ሥራ ስትሄድ፣ ሳታየኝ ነው። መስመሩን በትክክል ተከትያለሁ። ልክ መስመሩ ላይ ቆረጥኩ። በእጄ ሰፋሁት። ስለብሰው ትከሻዬ ላይ ተቀረቀረ፣ አላልፍ አለ። ስቅስቅ ብዬ አለቀስኩ። አክስቴ ማታ መጥታ መመሪያውን አነበበችልኝ። ለካ የቡርዳ መጽሔት ፓተርን የስፌት ትርፍ የለውም። መስመሩ የሚሰፋበት እንጂ የሚቆረጥበት አይደለም። ዙሪያውን 1.5 ሴንቲሜትር፣ ግርጌው ላይ ደግሞ 4 ሴንቲሜትር ገደማ ራሳችሁ ትጨምራላችሁ። ሌሎች አዘጋጆች ትርፉን ጨምረው ያወጣሉ። ስለዚህ የትኛውም ፓተርን በእጃችሁ ሲገባ፣ በወረቀትም ሆነ በፋይል፣ መጀመሪያ የምትፈልጉት መረጃ ይህ ይሁን። ትርፉ ገብቷል ወይስ አልገባም? ይህን ሳያውቁ መቀስ ማንሳት አይገባም።

ሌላው ቁመት ነው። የቡርዳ መደበኛ ሳይዝ የተሠራው 168 ሴንቲሜትር ለምትረዝም ሴት ነው። ሳይዝ 38 ደረት 88፣ ዳሌ 94 ነው። ከደንበኞቼ ብዙዎቹ ደረታቸውና ዳሌያቸው እዚያ ውስጥ ይገባል፣ ቁመታቸው ግን 160 አይሞላም። ይህን ሳያዩ የሚቆርጡ ወገቡ ዳሌ ላይ የሚያርፍ ቀሚስ ይወጣላቸዋል። ከዚያ «ፓተርኑ የፈረንጅ ነው፣ ለኛ አይሆንም» ይላሉ። ይሆናል። ቀሚሱን ከግርጌ ብቻ አታሳጥሩ። ከብብት እስከ ወገብ ባለው መሃል ላይ ፓተርኑን አጥፋችሁ አሳጥሩ፣ ከወገብ እስከ ዳሌም እንዲሁ። ያኔ ወገብ ወገብ ላይ ይውላል። እኔ ውድ ጨርቅ ከሆነ መጀመሪያ በአቡጀዲ ቆርጬ፣ ወስውሼ፣ ደንበኛዬን አስለብሼ ነው የማየው። አቡጀዲው ወጪ ነው የሚሉኝ አሉ። የተበላሸ የሠርግ ልብስ ስንት እንደሆነ እነሱ አያውቁም።

እስካሁን የወረቀቱን ተናገርኩ። ወደ ስልኩ ልምጣ፣ ጥያቄ የሚበዛብኝም እዚያ ላይ ነው።

ሰው «ዲጂታል መጽሔት» ሲል ሦስት የተለያየ ነገር ይቀላቅላል። አንደኛው የወረቀቱን መጽሔት ገጽ በገጽ የሚያሳይ እትም ነው። ሽፋኑ፣ ማስታወቂያው፣ ሁሉም እንዳለ አለ። ሁለተኛው የመጽሔቱ ድረ ገጽ ነው። እዚያ ጽሑፍና ፎቶ አለ፣ ግን መጽሔቱ ራሱ አይደለም። ሦስተኛው አንድ ልብስ ብቻ ተነጥሎ የሚሸጥ የፓተርን ፋይል ነው፣ በፒዲኤፍ። ለአንባቢ ልዩነቱ ትንሽ ሊሆን ይችላል። ለልብስ ሰፊ ግን የሰማይና የምድር ያህል ነው።

እኔ ይህን ሳላውቅ በፊት አንድ የስፌት መጽሔት ዲጂታል እትም ገዛሁ። እዚህ ሆኖ በውጭ ካርድ መክፈል አስቸጋሪ ስለሆነ ሜሪላንድ ያለችው እህቴ ናት የከፈለችልኝ። አውርጄ ከፈትኩት። ፎቶው ያምራል። መመሪያው አለ። «ወረቀት ለ፣ ቀይ መስመር፣ ከቁጥር 1 እስከ 9» ይላል። ወረቀት ለ የት አለ? የለም። እትሙ የመጽሔቱን ገጾች ይዟል፣ መሃሉ ላይ ታጥፎ የሚገባውን ወረቀት ግን አልያዘም። ሻጩ ጋ ጻፍኩ። ፓተርኑ ለየብቻ ይሸጣል የሚል መልስ መጣልኝ። በእህቴ ገንዘብ የገዛሁት የሚያምር ፎቶ ሆኖ ቀረ። ስለዚህ ከመክፈላችሁ በፊት አንድ ጥያቄ ጠይቁ። የፓተርኑ ወረቀት አብሮ አለ ወይ? ካለስ በሙሉ መጠኑ የሚታተም ነው ወይ? ግልጽ መልስ ካልተሰጣችሁ የለም ብላችሁ ቁጠሩት።

ፓተርኑን በፋይል ስትገዙ ደግሞ ትልቁ ጉዳይ ሕትመቱ ነው። ብዙ ሰው ያለቀሰው እዚህ ላይ ነው። ፋይሉን በፍላሽ ይዛችሁ ማተሚያ ቤት ትገባላችሁ። ልጁ ይከፍተዋል። ኮምፒውተሩ ገጹን ከወረቀቱ ጋር ለማስማማት በራሱ ትንሽ ያሳንሰዋል። በዓይን አይታይም። አንድ ጊዜ 96 በመቶ ሆኖ ወጥቶብኛል። አራት በመቶ ምን አላት ትሉ ይሆናል። 88 ሴንቲሜትር የነበረው ደረት 84.5 ይሆናል። ይህ አንድ ሙሉ ሳይዝ ነው። 38 ብላችሁ የቆረጣችሁት 36 ሆኖ ይመጣል፣ ለዚያውም እጅጌውም ትከሻውም አብሮ አንሶ።

መድኃኒቱ ቀላል ነው። የፓተርን ፋይል መጀመሪያ ገጹ ላይ ወይም አጠገቡ መፈተሻ ካሬ አለው። ብዙ ጊዜ 10 በ10 ሴንቲሜትር ነው፤ የራሱ ልክ ላዩ ላይ ተጽፏል። መጀመሪያ ያንን አንድ ገጽ ብቻ አሳትሙ። በማስመሪያ ለኩት። ልክ 10 ካልሆነ፣ 9 ሴንቲሜትር ከ9 ሚሊሜትር እንኳ ቢሆን፣ ቀሪውን አታሳትሙ። መጠኑ 100 በመቶ እንዲደረግ ንገሩት። ካሬውን በቁመቱም በወርዱም ለኩ፤ በአንድ በኩል ብቻ የሚስብ ማተሚያ አጋጥሞኛል። የምትለኩበትም ነገር ትክክል ይሁን። የልብስ ሜትር ከጊዜ ብዛት ይለጠጣል። የኔን ከብረት ማስመሪያ ጋር ሳስተያየው በ1 ሜትር ላይ ከግማሽ ሴንቲሜትር በላይ ረዝሞ አገኘሁት። በዚያ ሜትር ስንት ሰው ለክቼ ይሆን?

በኤፎር ወረቀት ስታሳትሙ አንድ ቀሚስ ከሃያ፣ ከሠላሳ ገጽ በላይ ሊሆን ይችላል። ማጣበቅ አለ። መጀመሪያ አንዱን ረድፍ ከግራ ወደ ቀኝ አጣብቁ፣ ከዚያ ሁለተኛውን ረድፍ፣ በመጨረሻ ረድፎቹን እርስ በርስ። ገጾቹ ላይ ያሉት ምልክቶች በትክክል ይገጣጠሙ። በአንድ መጋጠሚያ ላይ 1 ሚሊሜትር ብትስቱ፣ በስድስት መጋጠሚያ 6 ሚሊሜትር ነው። ግራና ቀኝ፣ ፊትና ኋላ ሲባዛ ወገቡ አልዘጋ ይላችኋል።

አሜሪካ ላላችሁ አንድ ማስጠንቀቂያ። እህቴ ልትረዳኝ ብላ እዚያ አትማ በሰው ላከችልኝ። የአሜሪካ ወረቀት ከኛ ኤፎር ጋር አንድ አይደለም። ኤፎር 21 በ29.7 ሴንቲሜትር ነው። የነሱ 21.6 በ27.9 ነው። ወደ ጎን ትንሽ ይሰፋል፣ ቁመቱ ግን 1.8 ሴንቲሜትር ያጥራል። ለኤፎር የተዘጋጀ ፋይል እዚያ ላይ ሲታተም ወይ ያንሳል፣ ወይ ጫፉ ይቆረጣል። ከየገጹ ግርጌ መስመሩ ተቆርጦ መጣልኝ። ከመግዛታችሁ በፊት ፋይሉ ለየትኛው ወረቀት እንደተዘጋጀ እዩ። አንዳንዶቹ ሁለቱንም ይሰጣሉ።

እኔ ግን ማጣበቁን ትቼዋለሁ። አዲስ አበባ ውስጥ የሕንፃ ፕላን የሚያትሙ ቤቶች ሞልተዋል። ግንባታው ስለበዛ በየሰፈሩ ፕሎተር የሚባለው ትልቅ ማተሚያ አለ። የኢንጂነሮች ነው ብለን ሳንገባ የምናልፈው ቤት ማለት ነው። ብዙ የፓተርን ፋይሎች ከኤፎሩ ጋር ኤዜሮ የሚባል ትልቅ ገጽም አላቸው። ኤዜሮ 84.1 በ118.9 ሴንቲሜትር ነው፤ አሥራ ስድስት ኤፎር ማለት ነው። እዚያ ትወስዱታላችሁ፣ በአንድ ወረቀት ይወጣል። ምንም ማጣበቅ የለም። መጀመሪያ የሄድኩ ቀን ልጁ ፋይሉን ከፍቶ ቢያየው ግራ ገባው። «እትዬ፣ ይሄ የምን ቤት ነው?» አለኝ። የቀሚስ እጅጌ ነው ስለው ጓደኞቹን ጠርቶ አሳያቸው። እዚያ ስትሄዱ «100 በመቶ» ከምትሉ «አንድ ለአንድ» በሉ። የነሱ ቋንቋ እሱ ነው። ወዲያው ይገባቸዋል። መፈተሻ ካሬውን እዚያው ቆማችሁ ለኩ፣ ከዚያ ክፈሉ።

ስለ ቴሌግራምም መናገር አለብኝ። ከመጽሔት የተገለበጠ ፓተርን በነፃ የሚለቁ ቻናሎች አሉ። ብዙዎቻችሁ ከዚያ እንደምታወርዱ አውቃለሁ። አንዱ ነገር የሰው ሥራ መሆኑ ነው። ያንን መስመር ለማውጣት ባለሙያ ስንት ቀን ተቀምጧል። እኛ ልብስ ሰፊዎች የእጅ ዋጋችን ሲቀነስብን የምንቆጣ ሰዎች ነን፤ የሌላውንም ዋጋ ማክበር አለብን። ሌላው ነገር ሥራው ራሱ ነው። ወረቀቱ በስልክ ካሜራ ፎቶ ተነስቶ ከሆነ የወጣው፣ ሌንሱ ጠርዙን ያጎብጠዋል። ከመሃል ያለው ክፍል ትክክል ሆኖ ከዳር ያለው የተጣመመ ይሆናል። መፈተሻ ካሬም የለውም። ፎቶ አንስቶ ማሳደግ ፓተርን አይሆንም። የራሳችሁንም ወረቀት ቢሆን በፎቶ አታባዙት። ሙሉ ወረቀቱን ከሚያነብ ትልቅ ስካነር ካለው ቤት ውሰዱት፣ ወይም ላስቲክ ላይ ገልብጡ።

ዲጂታሉን እያማሁት መሰለኝ። እንደዚያ አይደለም፣ ያለሱ መሥራት አልችልም። ለምሳሌ ማጉላት። ጥሩ ጥራት ባለው ዲጂታል እትም ላይ ፎቶውን ከፍ ሳደርገው ኮሌታው ላይ ያለው የስፌት መስመር፣ ገበሩ የት እንደቆመ፣ ዚፑ ጎን ይሁን ጀርባ ይታየኛል። በወረቀት ላይ በማጉያ መነጽር ባየው ነጠብጣብ ቀለም ነው የማየው። ደንበኛም ፎቶ ስታሳየኝ ከመጽሔቱ እትም ከሆነ ደስ ይለኛል። ከማኅበራዊ ሚዲያ የተቆረጠ ፎቶ ጨርቁ ምን እንደሆነ አይነግረኝም። መጽሔቱ ግን ከፎቶው ሥር ይጽፈዋል። ሐር ነው፣ ሱፍ ነው፣ የሚለጠጥ ነው ይላል። የስፌት መጽሔት ከሆነ ደግሞ የልብሱ የመስመር ሥዕል አለው። ፎቶው ሊዋሽ ይችላል። ሞዴሏ ከኋላዋ ልብሱ በመርፌ ቁልፍ ተይዞ ሊሆን ይችላል፣ እጇን ወገቧ ላይ ያደረገችው መጨማደዱን ለመሸፈን ሊሆን ይችላል። የመስመር ሥዕሉ አይዋሽም። ደንበኛ ፎቶውን ትይ፣ እናንተ ሥዕሉን እዩ።

ከሁሉ ደስ ያለኝ ግን ትርጉሙ ነው። የአክስቴን የሩስያኛ መጽሔት በስልኬ ካሜራ አስነበብኩት። ከሠላሳ ዓመት በላይ ፎቶውን በቃሌ የማውቀው ገጽ ተናገረ። ወደ እንግሊዝኛ ነው ያስተረጎምኩት፤ የስፌት ቃላት ላይ አንዳንድ ቦታ ይሳሳታል። ቁጥሩን ግን አይስትም። ያን ያህል ዘመን ኮሌታ ነው ብዬ የምቆርጠው አንድ ክፍል የኪስ ክዳን እንደሆነ ያወቅሁት ያን ቀን ነው።

የቆዩ መጽሔቶችን ለማየት ለምትፈልጉም ስክሪኑ ትልቅ በር ከፍቷል። የአሜሪካው የፋሽን መጽሔት ቮግ እ.ኤ.አ. ከ1892 ጀምሮ የወጡት እትሞች በዲጂታል ተሰብስበዋል። በክፍያ ነው፤ አንዳንድ ዩኒቨርሲቲዎች ለተማሪዎቻቸው ይከፍላሉ። ኮርኔል ዩኒቨርሲቲ ደግሞ የሃርፐርስ ባዛር መጽሔትን እ.ኤ.አ. ከ1867 እስከ 1900 የወጡ እትሞች በነፃ አስቀምጧል። ያ መጽሔት በዚያ ዘመን የፓተርን ወረቀት ያወጣ ነበር። መስመሩ እንደ ቡርዳው የተጠላለፈ ነው። እኔ የአክስቴ መጽሔት የፈጠረው ይመስለኝ ነበር። ከመቶ ሃምሳ ዓመት በፊት የነበሩ ሴቶችም ያንን መስመር በጣታቸው ሲከተሉ እንደነበር ሳይ የሆነ ነገር ተሰማኝ።

አሜሪካ ያላችሁ ደግሞ የሰፈራችሁን የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት ካርድ አውጡ። ነፃ ነው። ብዙዎቹ ሊቢ በሚባለው አፕ መጽሔት ያበድራሉ። ለመጽሔት ወረፋ የለውም። እህቴ ስንት ወር ገንዘብ ስትከፍልበት የነበረውን መጽሔት እዚያ አገኘችው። ለመቁረጥ አይሆንም፤ ለመምረጥና ለማየት ግን በቂ ነው። እሷ ታያለች፣ «ይሄ ደስ ይልሻል» ብላ የእትሙን ወር ትነግረኛለች፣ እኔ ወረቀቱን አስፈልጋለሁ። በለገሃር አካባቢ አሮጌ መጽሐፍ የሚሸጡ ልጆች ያውቁኛል፤ የፓተርን ወረቀቱ ውስጡ ያለ የስፌት መጽሔት ሲገባላቸው ይደውሉልኛል። ከመክፈሌ በፊት መሃሉን ከፍቼ ወረቀቱ መኖሩን አያለሁ። ተነጥሎ የተወሰደ ብዙ ነው።

አንድ ነገር ግን ልብ በሉ። በስክሪን ያለ መጽሔት የናንተ ላይሆን ይችላል። ቴክስቸር የሚባል ብዙ መጽሔቶችን በአንድ ክፍያ የሚያስነብብ አገልግሎት ነበር። አፕል ገዛው፣ እ.ኤ.አ. በ2019 ተዘጋ። እህቴ እዚያ ውስጥ ለኔ ብላ ምልክት ያደረገችባቸው ገጾች አብረው ሄዱ። ወረቀቱም ቢሆን ዋስትና የለውም። ቲን ቮግ እ.ኤ.አ. በ2017፣ የአሜሪካው ግላመር ደግሞ በ2019 መጀመሪያ መደበኛ የወረቀት እትማቸውን አቁመዋል። የወደዳችሁትን እትም ስታገኙ ያዙት ለማለት ነው። የገዛችሁት ፋይል ማውረድ የሚቻል ከሆነ በዋይፋይ አውርዳችሁ ፍላሽም ላይ፣ ሌላ ቦታም አስቀምጡ። የፓተርን ፋይሉን ስም በልብሱ ዓይነትና በሳይዙ ቀይሩት። «ስካን ሁለት መቶ አሥራ ሁለት» የሚል ፋይል ከዓመት በኋላ ማንም አያገኘውም።

እኔ ጋ በወረቀት ብቻ ካለኝ ውስጥ የማላበድረው አንድ አለ። እ.ኤ.አ. የግንቦት 2002 የፈረንሳይ ቮግ ነው። እትሙ በሙሉ ለሞዴሏ ለሊያ ከበደ የተሰጠ ነው። ፎቶዎቹን አሁን ኢንተርኔት ላይ ለየብቻ ማየት ይቻላል። የአዲስ አበባ ልጅ ከሽፋን እስከ ውስጥ የያዘችውን መጽሔት በእጅ ማገላበጥ ግን ሌላ ስሜት ነው። ልብስ ስፌት ሊማሩ የሚመጡ ልጆች መጀመሪያ የሚጠይቁኝ እሱን ነው። እጃችሁን ታጠቡና ኑ እላቸዋለሁ።

ስለ ቀለም ሳልናገር እንዳላልፍ። አንዲት ሙሽራ የዝሆን ጥርስ የሚመስል ነጭ ቀሚስ ከዲጂታል መጽሔት መረጠች። ጥለቱ ከዚያ ቀለም ጋር እንዲሄድ ፈለገች። ስልኬን ይዤ ሽሮ ሜዳ ሄድኩ፣ ለሸማኔው አሳየሁት፣ ክሩን መረጥን። ከሦስት ሳምንት በኋላ ጥለቱ ሲመጣ ከቀሚሱ ጋር ተጣላ። ቢጫው በዝቷል። ሸማኔው አልተሳሳተም። ስልኬ ለዓይን እንዲመች ብዬ ስክሪኑን ያሞቅሁበት ማስተካከያ ላይ ነበር፤ ነጩን ሁሉ ያቢጫል። ጥለቱን በራሴ ወጪ እንደገና አሠራሁ። ከዚያ ወዲህ ቀለም በስክሪን ስመርጥ ያንን አጠፋለሁ፣ ብርሃኑን ሙሉ አደርጋለሁ፣ ደጅ ወጥቼ አያለሁ። ያም ሆኖ ስክሪኑ የሚሰጠኝ ግምት ነው። የወረቀቱም ቀለም ቢሆን ከጨርቁ ቀለም ይለያል። ወደ ሸማኔ የሚወሰደው ከዋናው ጨርቅ የተቆረጠ ቁራጭ ነው። መጽሔቱ የሚወሰደው ንድፉን ለማሳየት ብቻ ነው።

ሽሮ ሜዳን ካነሳሁ፣ መጽሔቱ «ይህን ያህል ሜትር ጨርቅ ግዙ» ሲል ብዙ ጊዜ 140 ሴንቲሜትር ወርድ ላለው ጨርቅ ነው። የእጅ ሸማ ወርዱ ከዚያ በጣም ይጠብባል። ሜትሩን እንዳለ ወስዳችሁ ብታዝዙ ጨርቁ ያጥራችኋል። የፓተርን ክፍሎቹን መሬት ላይ በሸማው ወርድ ልክ ደርድሯቸው፣ ርዝመቱን ለኩ፣ ከዚያ እዘዙ። ዲጂታል ፋይል ለገዛችሁም ይኸው ነው፤ በስልክ ላይ ሆኖ የጨርቅ መጠን መገመት አይቻልም። ወረቀት ሆኖ መሬት ላይ መዘርጋት አለበት። መብራት ሲሄድም ወረቀቱ ይሠራል፤ መስኮት አጠገብ ተቀምጬ ስንት ልብስ ቆርጫለሁ።

ባለፈው ወር የአክስቴን አራት መጽሔቶች ፓተርን ወረቀት ፕላን ማተሚያው ቤት ወስጄ በትልቁ ስካነር አስነበብኳቸው። እጥፋታቸው ላይ ተሰነጣጥቀዋል። ድሮ የለጠፍኩበት ፕላስተር ቢጫ ሆኗል። እናንተ ፕላስተር አትለጥፉ፣ ከጀርባው ስስ ወረቀት በለሰለሰ ሙጫ ይሻላል። ስካን ከማድረጌ በፊት ጥጉ ላይ 10 ሴንቲሜትር ካሬ በእርሳስ ሠራሁ፤ ወደፊት ስትታተም መፈተሻ ትሆነኛለች። መጽሔቶቹን ግን መለስኩላት።

አክስቴ ተቀብላ አገላበጠቻቸው። አንዱ ገጽ ላይ ቆመች። ከሩስያ ስትመጣ ለብሳው የወረደችው ሰማያዊ ቀሚስ ነው። «ይሄን ስፊልኝ» አለችኝ። ሜትሬን አውጥቼ ለካኋት። ደረቷ 104 ነው፣ ማለትም ሳይዝ 46። የዚያ ቀሚስ ፓተርን የሚያልቀው 44 ላይ ነው፣ ደረቱ 100። ልዩነቱ 4 ሴንቲሜትር ነው። የፊቱ ሁለት ጎን፣ የጀርባው ሁለት ጎን፣ እያንዳንዱ ላይ አንድ አንድ ሴንቲሜትር። እጅጌውም ከብብቱ ጋር እንዲገጥም በሁለቱም በኩል አንድ አንድ ይጨመርበታል። አቡጀዲውን ቆርጬዋለሁ። ቅዳሜ ትለካዋለች።